ቄሱ ያልፈረመባቸው ዓመታት

ጥቅምት 4 ቀን

ለተሰወርከው ወንድምጋሼ፣

«ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ነው» ትላለች አክስታችን። ስለዚህ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ወደቡስ? የምትጠግናቸው የመርከብ ሞተሮችስ ጉንፋን አልያዛቸውም? ይኸው እስከ አንገቴ ድረስ ቆለፍኩት፤ አሁን ወደ ጨዋታው።

መጀመሪያ ለጥያቄዎችህ። አድራሻህን ያገኘሁት ከአክስታችን ነው። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ዳቦ ሻጩ ግን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። አያታችን አባባ መጻፌን አያውቅም። አዎ፣ ደህና ነው። «ደህና ስትዪ እንዴት ያለ ደህና?» ላልከው፣ እንዲህ ያለ ደህና፦ ባለፈው ሳምንት ለፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሱሪ ሰፍቶ አንዱን እግር አሳጠረበት። ሰውዬው ቢቆጣ «ሱሪው ትክክል ነው፤ ይልቅ እግርህን ታየው» አለው። ተከራክሮም አሸነፈ። ሰውዬው ሲወጣ ትንሽ እያነከሰ ነበር መሰለኝ። እኔና አንተ ያወጣንለት ስም፣ መቀስ፣ ገና አልደነዘም።

«ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንን ቄስ ምን አስነሳብኝ?» ላልከው፣ የአባባን ቅድመ አያት እኔም አልወደውም። ዕድሜዬን ሙሉ በሥዕል ከስፌት መኪናው በላይ ተሰቅሎ ሲያፈጥብኝ፣ ጢሙ ብቻውን ግማሹን ክፈፍ ይዞ! ሒሳብ ስወድቅ እሱ፣ ሰሃን ስሰብር እሱ፣ አንተ አባባ ለካህናት ትምህርት ቤት የሰፋልህን ካባ ማንጠልጠያው ላይ ትተህ የወጣህ ዕለትም እሱ። «ቄሱ አርባ ዓመት ከደብሩ ንቅንቅ አላለም፤ አንተ አርባ ቀን አቃተህ!» ይህችን እኮ ሰፈሩ በቃሉ ይዟታል።

አሁን ደብሩ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ላገለገሉት ቄሶች የድንጋይ ሰሌዳ ሊያቆም ነው። ቤተሰብ የየቄሱን ታሪክ በማስረጃ ያቅርብ ተባለ። አባባ ኮቱን ለብሶ ለመሄድ ተነሣ፤ ደጃፉ ላይ ቆም አለና «አንቺ ሂጂ፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ» አለ። ጉልበቱ ከእኔ ጉልበት እንደሚሻል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ብቻ ከትምህርት ቤት መልስ የመዝገብ ቤት አይጥ ሆኛለሁ። ስለ ቄሱ የምታስታውሰው ነገር ካለ ጻፍልኝ። ስለ ሌላ ነገርም ካለ። ለምሳሌ መቼ እንደምትመጣ።

ቁንጫህ

ጥቅምት 22 ቀን

ለቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽን ሞተር ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳነበው ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ጭስ ያሰከረኝ መስሎት ውጪ አውጥቶ አስቀመጠኝ። ዘመዶቼ በዚህ ዓይነት ከሥራ ያስወጡኛል።

በመጀመሪያው ካርድሽ ጀርባ በደቃቅ ጽሕፈት የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። አይ፣ በእሱ ላይ አልተናደድኩም። ካባው የአንድ ወር ሥራው ነበር፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በእጁ ሲሰፋ አይቻለሁ። ይዤው ብወጣ ሌባ፣ ለብሼው ብቀር ውሸታም። ስለዚህ ሰቀልኩት። ይህንን ለእሱ ለማስረዳት ስሞክር እሱ ቄሱን ጠራብኝ፣ እኔም ጮህኩ፣ እሱም «ከእንግዲህ የልጅ ልጁ ነኝ ብለህ ስሜን እንዳትጠራ» አለ። የቀረውን አንቺው ከበሩ ጀርባ ሆነሽ ሰምተሽዋል።

ስለ መምጣት፦ ና ካለኝ በነጋታው መንገድ ላይ ነኝ። ሳይጠራኝ ግን አልመጣም። ስሙን እንዳልጠራ የከለከለኝ ሰው ቤት በምን ስም ነው የምገባው?

በዚያው ካርድ «ብቻህን ነው የምትኖረው?» ላልሽው፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁልጊዜም ሙሉ ናት። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ስለ ቄሱ የማስታውሰው ከክፈፉ ግርጌ ያለችውን ፊርማውን ብቻ ነው። መጨረሻዋ ላይ እንደ ዓሣ መንጠቆ ትታጠፋለች። ልጅ ሳለሁ የፈተና ወረቀቴ ላይ በአባባ ፈንታ እሷን ፈርሜ ተገርፌያለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 9 ቀን

ወንድምጋሼ፣

ባትጠይቀኝም፣ ካባውን አልጣለውም። ላስቲክ ለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚህ በላይ ማወቅ ከፈለግህ መጥተህ እየው።

አሁን ቁጭ በል። ሞተር እየነካካህ ከሆነም አጥፋው።

መዝገብ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያለች፣ ግድግዳዋ የሚያልባት ክፍል ናት። ጠባቂው ሽማግሌ ገና ከበር «እጅ!» ይላል። መዳፌን ገልብጦ፣ ጥፍሬን መርምሮ ሲያበቃ ነው የሚያስገባኝ። እዚያ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው፣ ማሳል ክልክል ነው፣ ለማስነጠስ ወደ ግቢ መውጣት ነው። እሱ ግን የሟቾችን መዝገብ ተንተርሶ ያንኮራፋል። ሟቾቹ ቢሰሙት ተመልሰው ይነሡ ነበር።

አባባ በወጣትነቱ እዚህ መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። የቄሱን የመጀመሪያ መዝገብ አስወጣ፣ ፊርማውን አየ። የመጨረሻውን አስወጣ፣ ፊርማውን አየ። በሁለቱ መሃል ያለውን ቆጠረ፣ አርባ ሆነለት፣ እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ። ልብስ ሰፊ አይደል! ሁለቱን ጫፍ ለካና መሃሉን በግምት ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ያንን ልብስ ለብሰን ስንወቀስ ኖርን።

እኔ ግን መሃሉን አየሁ። ወንድምጋሼ፣ ቄሱ የለም! ሰባት ዓመት ሙሉ የለም። በጥምቀቱም፣ በጋብቻውም፣ በቀብሩም መዝገብ በእሱ ፈንታ የሚፈርመው ዲያቆኑ ነው። መጀመሪያ በቆንጆ ጽሕፈት «ቄሱ ስላልነበሩ እኔ ዲያቆኑ» ይላል። በሁለተኛው ዓመት «ቄሱ አሁንም ስለሌሉ»። በአምስተኛው ዓመት ሰውዬው መረረው መሰለኝ፣ «ያው ስለሌሉ» ብሎ ነው የጻፈው። ሳቄ አምልጦኝ ወደ ግቢ ተባረርኩ።

ወዴት እንደሄደ የሚናገር ወረቀት የለም። ብቻ በሄደበት ወር፣ በገጹ ጠርዝ ላይ፣ ያው ዲያቆን «ከነባለቤታቸው ወደ ባሕሩ ወረዱ» ብሎ ጭሯል። ባሕር ዳር ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ። እሱም ከዚህ ወርዶ ነው።

የአባባን የልብስ ንድፍ መገልበጫ ስስ ወረቀት ሰርቄ ፊርማውን በእርሳስ ገልብጬዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አለልህ። ወደ ወደባችሁ ቤተ ክርስቲያን ሂድና በመዝገባቸው ላይ እያስቀመጥክ እየው። አውቃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልደርስም ብለህ ምለሃል። ለእኔ ብለህ ድረስ።

አባባ በየቀኑ «አርባው ሞላልሽ?» ይለኛል። «እየሞላሁት ነው አባባ» እለዋለሁ። ገና አልነገርኩትም። ይገባሃል አይደል? ቄሱ ሄዶ ከተመለሰ፣ በእኛ ቤት ሄዶ መመለስ ይቻላል ማለት ነው። አንተ «ካልጠራኝ አልመጣም» ትላለህ፤ እሱ «ካልመጣ አልጠራም» ይላል። እኔ በሁለት ግድግዳ መሃል እንደተሰጣ ፎጣ ደርቄ ልቀር ነው።

ቁንጫህ

ታኅሣሥ 2 ቀን

ቁንጫዬ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። አይ፣ አልታመምኩም፤ ያመመው ሌላ ሰው ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

ሄድኩልሽ። የወደቡ ቤተ ክርስቲያን ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። የካህናቱን ፊርማ ከዳር እስከ ዳር አየሁ፤ መንጠቆ ያለው የለም። ልወጣ ስል ወደብ የወረደ ሰው ሁሉ የነበረውን ሆኖ እንደማይቀጥል ትዝ አለኝ። እኔም አልቀጠልኩ። ስለዚህ በካህናቱ በኩል ትቼ በአባቶቹ በኩል ፈለግሁት።

አገኘሁት። አንዲት ሴት ልጅ ተጠምቃለች። የእናትየዋ ስም የቄሱ ሚስት ስም ነው። የአባት ሥራ፦ ገመድ ፈታይ። ከሥሩ ፊርማ። ስሱን ወረቀት ባስቀምጠው መንጠቆው መንጠቆው ላይ ሄዶ ተኛ። የወደቡንም ፊርማ ገልብጬ ከመጀመሪያው ጋር ልኬልሻለሁ። የሕፃኗን ስም ሳይ ደግሞ፣ ቁንጫዬ፣ አባባን ያሳደገችው አያቱ ናት። እዚህ ነው የተወለደችው፣ እኔ በየቀኑ በማልፍበት ሰፈር።

ድሮ ገመድ የሚፈተልበት መንገድ ዛሬም አለ፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ እንደነገረኝ ፈታዮቹ የቃጫውን ጭረት ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር የሚፈትሉት። ፊታቸው ሁልጊዜ ወደ ጀመሩበት ነው። ቀኑን ሙሉ ከመነሻቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ እየራቁ ይሄዳሉ። ትናንት ሰው አለመኖሩን አይቼ ትንሽ ሞከርኩት። ሞኝነት ነው፤ ግን ፊቴን ወደ እናንተ አገር አዙሬ ነበር።

የመዝገቡ ሴትዮ መጽሐፉን ስትሰጠኝ «ዛሬስ እጅህ አይንቀጠቀጥም?» ብላ ቀለደችብኝ። ያለፈው መጋቢት ስፈርም ያየችኝን አልረሳችውም። ይህችን ተያት።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለወንድምጋሼ፣

«ይህችን ተያት» ያልከኝን አልተውኳትም። በጥምቀት መዝገብ ላይ የሚፈርመው ወይ ቄስ ነው ወይ አባት ነው። ቄስ እንዳልሆንክ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው!

ጠባቧ ክፍል ለምን ሙሉ እንደሆነች አሁን ገባኝ። የታመመውም ሌላ ሰው ማን እንደሆነ። ስለዚህ ንገረኝ፦ ሴት ናት ወንድ? ማንን ይመስላል? ጥርስ አለው? እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ አክስት ሆኛለሁ እኮ! ከዛሬ ጀምሮ ሹክ ማለት መለማመድ አለብኝ። ለምን እንደደበቅከን አልጠይቅህም። ውሸቴን ነው፣ እጠይቅሃለሁ። ለምን?

«ቄሱ ሲመለስ እንዴት ተቀበሉት?» ማለትህ አይቀርም፤ ለዚህ ግን መልሱን አግኝቼ ከአንድ ሳምንት በላይ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። በመልካም ጽሕፈት አስጊጬ ልጽፈው ሞከርኩ፤ አይጌጥም። ከሰባት ዓመት በኋላ ቄሱ መጀመሪያ የፈረመው በቀብር መዝገብ ላይ ነው። የተቀበረው ሰው የገዛ አባቱ ነው። መንጠቆዋ እዚያ ላይ አልታጠፈችም፤ ወደ ታች ወርዳ ቀርታለች። የተቀበለው ሰው የለም፣ ወንድምጋሼ። ሊቀበለው የሚገባው ሰው ከፊርማው በላይ ባለው መስመር ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ የደበቅሁህን ስማ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሱሪ ያጠረው በእልህ አይደለም። አባባ አያይም። አንዱ ዓይኑ ከጨለመ ቆየ፤ ሌላው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ «ይህችም ትሄዳለች» ብሏል። መርፌ ላይ ክር የምሰካለት እኔ ነኝ፤ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ የጨርቁን ቀለም የምጠቁመው። አንድ ሳል ጥቁር፣ ሁለት ሳል ሰማያዊ። ሰው ሁሉ ሳምባዬ የታመመ መስሎታል። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምሎኛል፤ «አዝኖልኝ ከሚመጣ እዚያው ይቅር» ብሎ። ማልኩለት። የማለው ግን አፌ ነው። እጄ አልማለም፤ ይኸው ይጽፋል።

ቁንጫህ

ጥር 5 ቀን

ቁንጫዬ፣

ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ፤ ይህኛውን እንዳለ እልከዋለሁ።

ሴት ናት። ጥርስ አላት፤ ጣቴ ይመሰክራል። ማንን ትመስላለች ላልሽው፣ ስትስቅ እናቷን፣ ስትቆጣ እሱን። ቅንድቧን አንድ ላይ ሰብስባ ስታየኝ ሱሪዬ አጥሮ እንደሆነ ወደ እግሬ አያለሁ። እሹሩሩ አላውቅም፤ ስለዚህ የስፌት መኪናውን ድምፅ በአፌ እያሰማሁ ነው የማስተኛት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እርገጫው ሲፈጥን፣ ከዚያ ክሩ ሲበጠስ ያለውን ዝምታ። እዚያች ዝምታ ላይ ስትደርስ ተኝታለች። እኔ ነኝ ነቅቼ የምቀረው።

ለምን አልነገርኳችሁም? መጀመሪያ ሳገባ «ከታረቅን በኋላ» አልኩ። ከዚያ ልጅቷ መጣች፣ «አሁንማ ደብዳቤ አይበቃም» አልኩ። እያለ እያለ ነገሩ ከእኔ በላይ ከበደ። ይቅርታ የምልበት ነገር በበዛ ቁጥር ይቅርታው ራሱ አስፈራኝ።

ዓይኑን ያነበብኩ ዕለት ሻንጣ አወጣሁ። ባለቤቴ ሻንጣውን አይታ «ሂድ፤ ግን እንደነገርከኝ ከሆነ ሽማግሌው ሐዘኔታ ከሩቅ ይሸተዋል። ገና ከደረጃው ይመልስሃል» አለችኝ። ልክ ናት። አዝኜለት ከመጣሁ አይቀበለኝም። ሳልመጣ ከቀረሁ ደግሞ እንደ ቄሱ የምፈርምበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ያንን አልፈልግም፣ እህቴ። እጁን እፈልጋለሁ። ጆሮዬን የሚቆነጥጥበትን ያንን በመርፌ የተበሳሳ እጁን።

አንቺ መላ አጥተሽ አታውቂም። ብቻ አደራ፣ የልጅቷን ነገር ለእሱ እንዳትነግሪው። ያንን ከእኔ አፍ መስማት አለበት።

ወንድምሽ

የካቲት 2 ቀን

ወንድምጋሼ፣

አደራህን ጠብቄአለሁ። የልጅቷን ነገር ለአባባ አልነገርኩትም። ለአክስታችን ነው የነገርኩት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ።

የቄሱን ነገር ግን ራሴ ነገርኩት። «ተጣልታችሁ ይሆናል» ብለህ እንዳትሰጋ እንዳለ እጽፍልሃለሁ። እሱ ጠረጴዛው ላይ የሸሚዝ ኮሌታ እየዘመዘመ፣ አክስታችን ጥግ ላይ ሻይ እየጠጣች።

«አባባ፣ ቄሱ ሄዶ ነበር» አልኩት።

«የት?»

«ወደብ። ሰባት ዓመት።»

«ለስብከት ነው።»

«ገመድ ሊፈትል ነው።»

«በስመ አብ!» አለች አክስታችን፤ ሻይዋ ቀሚሷ ላይ።

«ዝም በይ አንቺ! ይህች ልጅ ያነበበችው የሌላ ሰው መዝገብ ነው።»

ይህንን እንደሚል ስላወቅሁ ተዘጋጅቼ ነበር። በእርሳስ የተገለበጡትን ሁለት ፊርማዎች፣ የደብሩንና አንተ ከወደቡ ገልብጠህ የላክህልኝን፣ መስመራቸውን ተከትዬ በመርፌ በስቻቸዋለሁ። ወረቀቶቹን ከጣቱ ሥር አስቀመጥኩለት። ጣቱ በደብሩ ላይ ሄደ፣ መንጠቆው ላይ ቆመ። ከዚያ በወደቡ ላይ ሄደ፣ መንጠቆው ላይ ቆመ። ሳያይ ካየው ሰው በላይ አየ።

«ገመድ ፈታይ?» አለ።

«ገመድ ፈታይ። አያትህም እዚያ ነው የተወለደችው።»

 ክር አነሣና ጫፉን ቋጠረ፤ ያቺን ሌላ ልብስ ሰፊ የማያውቃትን፣ ሁለት ጊዜ ዞራ በራሷ ውስጥ የምታልፈውን ቋጠሮ። ፈታት። እንደገና ቋጠራት። «ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ። «አንቺ ከማን ተማርሽ ስላት ከአባቴ ትለኝ ነበር። ቄስ ክር መቋጠር ምን ያደርግለታል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።»

አሸነፍኩ ብዬ ደስ ሲለኝ መጣ ጥያቄው።

«ሲመለስ መጀመሪያ የፈረመው ምን ላይ ነው?»

ዝም አልኩ። ብዙ ውሸት በአፌ መጣልኝ፤ ጥምቀት ላይ ነው ልለው እችል ነበር፣ ሰርግ ላይ ነው ልለው እችል ነበር። እሱ አያነበው! ግን አልወጣልህ አለኝ።

«የአባቱ ቀብር ላይ ነው» አለ እሱ ራሱ።

«እንዴት አወቅክ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ አታውቂም። እናትሽ የተቀበረች ዕለት እንኳ ስታወሪ ነበር የዋልሽው።» ከዚያ ቋጠሮዋን እንደገና ፈታና «አባትየው ጠርቶት ነበር?» አለኝ።

«መዝገቡ አይልም፣ አባባ።»

«መዝገቡማ አይልም» አለ። ተነሥቶ በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደና ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ አስወጣን፤ አክስታችንን ከነሻይዋ።

ሌላ የሆነውን አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው አላረፈም።

ቁንጫህ

የካቲት 6 ቀን

(አባባ እየተናገረ እኔ የምጽፈው ነው። «እንዳለ ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ» ብሎኛል። አልጨምርም። ቁንጫ።)

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣

ስለ ሰሌዳው። አርባ ዓመት ተብሎ እንዲቀረጽ ጠይቄ ነበር። ትናንት ሄጄ ሰባቱ ይነሣ አልኳቸው። ቄሱን ያሳፍርብዎታል አሉኝ። የሚያሳፍረው ያልነበረበትን መቁጠር ነው አልኳቸው። (ሌላም ብሏቸዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚባል አልነበረም።)

ስለ ካባው። ፈትቼዋለሁ። ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ብል ከሚበላው ብዬ። ለአንተ ካባ የወጣው ለሕፃን ሦስት ኮት ይወጣዋል። (ስለ ሕፃን ማን ነገረህ ስለው «ዳቦ ሻጩ» አለኝ።)

የልጅቷን ልክ በወረቀት እንዳትልክ። ልጅ በየወሩ ያድጋል፤ ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ልኩ ያረጃል። ደግሞም የጻፍከውን ቁጥር አላነበውም። ሜትሩ ላይ በየስፍራው ክር ቋጥሬበታለሁ፤ በጣቴ እየቆጠርኩ እኔው እለካታለሁ። ያንተንም ትከሻ። ወደብ ላይ ከባድ ነገር ስታነሳ ሰፍቶ ይሆናል፣ የድሮው ልክ አይሠራም።

እናትየዋን ይዘህ ና። ሻይ የምትወድ ከሆነ አክስትህን ከአጠገቧ አታስቀምጥ።

ለዓይኔ ብለህ እንዳትመጣ። ዓይኔ የእኔ ጉዳይ ነው። ለልክ ና።

ማን ጠራህ ቢሉህ እሱ ነው የጠራኝ በል። ስሜን ጥራ።

(እዚህ ላይ «ጨረስክ?» ስለው «የመጨረሻዋን መልሰሽ አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት።  «ትቆይ» አለ።)

መጋቢት 11 ቀን

ለወንድምጋሼ፣

ይህንን የምጽፈው እንደማታነበው አውቄ ነው። ቴሌግራምህ ደርሶናል፤ አሁን አንተ መንገድ ላይ ነህ። ደብዳቤዬ ወደ ወደብ ሲሄድ አንተ ወደዚህ ስትመጣ እንተላለፋለን። ተመልሳችሁ ጠባቧን ክፍል ስትከፍቱ ከበሩ ሥር ታገኘዋለህ። ስለዚህ ዛሬ እንደልቤ ነኝ።

በቴሌግራሙ «ምን ላምጣልሽ?» ላልከኝ ምንም አትያዝ። ስትሄድ አሮጌ ጫማህን አልጋ ሥር ትተህ ነበር። እኔ አጠልቄው በቤት ውስጥ እየጎተትኩ ስሄድ አክስታችን ትስቅ ነበር፤ እግሬ ውስጡ ይዋኝ ነበር። ዘንድሮ ልክ ሆነኝ። ልክ የሆነኝ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ አባባማ እንዴት ያየኛል። ከዚያ ተነሥቼ ላንተ በካርድ ጀርባ በደቃቅ ጽሕፈት ጻፍኩ። ቀልዴን ሁሉ ከላይ የምደረድረው ያቺን ለቅሶ እንዳታያት ብዬ ነው።

አባባ ዛሬ ሲነጋ ጀምሮ ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ከቀትር በፊት እንደማይደርስ ነግሬዋለሁ። «እኔ ምን አልኩሽ? ሥራ ነው የያዝኩት» ይላል። የያዘው ሥራ የለም። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ከባዶ ወንበር ጋር ሰላምታ እየተለማመደ ነው።

«እንደምን ዋልክ» አለ። ዝም። «ደህና ገባችሁ?» ዝም። «መጣህ?» ካለ በኋላ «መጣህ ይባላል እንዴ! መምጣቱን አያውቀውም?» ብሎ ራሱን ተቆጣ። አሁን ደግሞ «ዘገየህ» አለ። ይህችን ቀስ ብሎ ነው ያላት። «አይ፣ ይህችስ አትባልም» አለ።

ቆይ። ደረጃው ላይ ኮቴ አለ። እሱ ከእኔ ቀድሞ ሰምቶታል፤ ወንበሩ ወድቋል።

ከሰዓት በኋላ።

የሆነውን አንተም ስለነበርክበት አልጽፈውም። አሁን ባለቤትህና አክስታችን እየተሳሳቁ ነው፣ አንተ ደክሞህ ተኝተሃል፣ አባባ ከተለማመዳቸው ሰላምታዎችም አንዷንም እንዳላለ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። «ልጅቷ እንዳይበርዳት፣ ግቡ» ብቻ ነው ያለው።

ቅድም በሹክሹክታ «ትከሻዬን ለምንድን ነው እንዲያ በእጁ ደጋግሞ የሚለካው?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ስለማያይ ቁጥሩ እየጠፋበት ነው» አልኩህ። ውሸቴን ነው። ሜትሩ እኮ ያን ጊዜ ልጅህ አፍ ውስጥ ነበር።

ቁንጫህ